አሮጌው ዲሽ ሳይወርድ፦ የአየር ጠባይ ሳተላይት መቀበያዎች ለውጥ ከአሶሳ ሲታይ

የጽሑፉ ዓላማ

በአፍሪካ አገሮች ያሉ የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤቶች ከሰው ሠራሽ ጨረቃዎች፤ ማለት ከሳተላይቶች፤ የሚላከውን ሥዕልና ቁጥር የሚቀበሉባቸው መሣሪያዎች በአሁኑ ጊዜ በመለወጥ ላይ ይገኛሉ። ለለውጡ ምክንያት የሆነው የአውሮፓ የሚቲዎሮሎጂ ሳተላይቶች ድርጅት፤ በአጭር ስሙ ዩሜትሳት፤ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 13 ቀን 2022 ያመጠቀው የሦስተኛው ትውልድ ሜቴዎሳት ነው። ይህ ሳተላይት ሙከራውን ጨርሶ እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ላይ ሜቴዎሳት 12 በሚል ስም መደበኛ ሥራውን ጀምሯል። የሚልከው ነገር ከቀድሞው እጅግ የበዛ ስለ ሆነ የአሮጌው ጣቢያ ኮምፒዩተርና ፕሮግራም እንዳለ ሊሸከመው አይችልም። ስለዚህም በአፍሪካ ኅብረት ኮሚሽንና በአውሮፓ ኅብረት የጋራ ዕቅድ ፑማ 2025 የተባሉ አዳዲስ ጣቢያዎች ለአፍሪካ አገሮች ተዘጋጅተዋል።

ስለዚህ ለውጥ የሚነገረው አብዛኛውን ጊዜ የምስጋና ቃል ነው። ሥዕሉ ጠርቷል፤ የመጠበቂያው ጊዜ አጥሯል፤ የመመልከቻው መስኮት በዝቷል ይባላል። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ልንክደውም አልተነሣንም። ነገር ግን ምስጋናው የሚነገረው ከሳተላይቱ በኩል ተቁሞ ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ ነገሩን ከሌላው ጫፍ፤ ከአሶሳ፤ ልንመለከተው እንወዳለን። የምንጠይቀውም አንድ ጥያቄ ነው፤ አሮጌው መሣሪያ ወርዶ አዲሱ በሚተከልበት ጊዜ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ማሽላና በቆሎ ለሚዘራ ገበሬ ምን ይጨመርለታል፤ ምንስ ይጐድልበታል?

መልሳችንን አስቀድመን እንናገር። የመሣሪያ ለውጥ መመዘን ያለበት በአዲሱ ብልጫ ብቻ ሳይሆን በአሮጌውና በአዲሱ መካከል ባለው ጊዜ በሚሠራው ሥራ ነው። ሁለቱ ቢያንስ አንድ ሙሉ የዝናብ ወራት ጐን ለጐን ካልሠሩ፤ በምድር ላይ ያለው የዝናብ መለኪያም በመካከላቸው ዳኛ ሆኖ ካልቆመ፤ የተገኘው ብልጫ በዋና ከተማው ይቀራል እንጂ አሶሳ አይደርስም።

፩. ሥዕሉ በምን መንገድ ይመጣል

ሜቴዎሳት ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ሆኖ ምድር በምትዞርበት ፍጥነት አብሮ ስለሚዞር፤ ከእኛ ሲታይ በአንድ ቦታ የቆመ ይመስላል። ከዚያ ሆኖ የአፍሪካንና የአውሮፓን ደመና ሌሊትና ቀን ያነሣል። ብዙ ሰው ይህ ሥዕል ከሳተላይቱ በቀጥታ በየአገሩ ዲሽ ላይ የሚወርድ ይመስለዋል። ዛሬ ግን አሠራሩ እንዲህ አይደለም። ሥዕሉ መጀመሪያ ወደ አውሮፓ ይወርዳል፤ ዋና መሥሪያ ቤቱ በጀርመን አገር በዳርምሽታት ከተማ ያለው ድርጅት አርሞና አስተካክሎ ያዘጋጀዋል፤ ከዚያም እንደ ቴሌቪዥን ፕሮግራም ወደ ሌላ የመገናኛ ሳተላይት ይላክና ለተቀባዮች ሁሉ ይሠራጫል። ይህ ሥርጭት ዩሜትካስት ይባላል። ተቀባዩ የሚያስፈልገው ዲሽ፤ ምልክቱን የሚፈታ መሣሪያ፤ ኮምፒዩተርና የፈቃድ ቁልፍ ነው።

ይህ መንገድ ዋና መንገድ የሆነው በብልሃት ብቻ ሳይሆን በብልሽትም ነው። የሁለተኛው ትውልድ የመጀመሪያው ሳተላይት እ.ኤ.አ. ኦገስት 28 ቀን 2002 ከመጠቀ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፤ ሥዕሉን ለተጠቃሚዎች በቀጥታ እንዲያሠራጭበት የተሠራለት ማጉያ ሥራ አቆመ። በዚህ ጊዜ በኪራይ የመገናኛ ሳተላይት ማሠራጨት የማይቀር ሆነ። ጉዳቱ ለድሃ አገሮች በጎ ነገር አመጣ ለማለት ይቻላል፤ ለዚህ ብቻ የተሠራ ውድ መሣሪያ ከመግዛት ይልቅ በገበያ የሚገኝ ዲሽና ኮምፒዩተር በቂ ሆኗልና።

ለአፍሪካ የተመረጠው ሞገድ ሲ ባንድ የሚባለው ነው። የዚህ ሞገድ ርዝመት ከ7 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፤ ለቤት ቴሌቪዥን በብዛት የሚውለው ኬዩ ባንድ ግን ከ3 ሳንቲ ሜትር ያነሰ ነው። አጭሩ ሞገድ በከባድ ዝናብ ውስጥ ሲያልፍ ይደክማል፤ ረጅሙ ይቋቋመዋል። በክረምት ዶፍ ሲወርድ የቤቱ ቴሌቪዥን ሥዕል ተቆራርጦ የሚጠፋው ስለዚህ ነው። የአየር ጠባይ መቀበያ ዝናቡ በበረታበት ሰዓት ዐይኑን ከጨፈነ ምን ይጠቅማል? የሲ ባንድ ዲሽ ተለቅ ያለና ዋጋውም ከፍ ያለ ቢሆንም በእኛ አየር ተገቢው እርሱ ነው። ወደ ፊት ዋጋ ለመቀነስ ሲባል ይህን የሚያስለውጥ ሐሳብ ቢመጣ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው እንደ አሶሳ ያለ የዝናብ አገር ነው።

፪. የቀድሞው ለውጥ ምን ያስተምረናል

የአሁኑ ለውጥ የመጀመሪያው አይደለም። የመጀመሪያው ሜቴዎሳት የመጠቀው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 23 ቀን 1977 ነበር። የዚያ ትውልድ ሳተላይቶች በየ30 ደቂቃው በ3 መስኮት ይመለከቱ ነበር። መስኮት የምንለው ከብርሃንና ከሙቀት ጨረር አንዱን ክፍል ለይቶ የሚያሳየውን መመልከቻ ነው። ሁለተኛው ትውልድ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2004 መደበኛ ሥራውን ሲጀምር መስኮቶቹ 12፤ ጊዜውም 15 ደቂቃ ሆነ። ሦስተኛው ትውልድ ደግሞ 16 መስኮቶች አሉት፤ መላውን የምድር ገጽታ የሚያነሣውም በየ10 ደቂቃው ነው። ከዚህም በላይ የቀድሞዎቹ ያልነበራቸውን የመብረቅ መመልከቻ ይዟል።

ሁለተኛው ትውልድ በመጣ ጊዜ የአፍሪካ ጣቢያዎች ባዶ እንዳይቀሩ ተፈርቶ ነበር። አሮጌው ሥርጭት ሲቆም በአሮጌው መቀበያ የሚገባ ነገር አይኖርምና። ስለዚህ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2005 የፑማ ዕቅድ ተሠራ፤ ለ53 የአፍሪካ አገሮችም መቀበያ ጣቢያና ሥልጠና ተሰጠ። ከእርሱም በኋላ አሜስድና ሜሳ የተባሉ ዕቅዶች ተከትለዋል። ከዚህ ታሪክ ውስጥ ግን እኛ ትልቅ ቁም ነገር አድርገን የምንይዘው ሌላ ነው። አዲሱ ሜቴዎሳት 8 በ2004 ሥራ ከጀመረ በኋላ አሮጌው ሜቴዎሳት 7 ወዲያው አልተዘጋም፤ እስከ 2006 አጋማሽ ድረስ በዚያው በዜሮ ዲግሪ ኬንትሮስ አገልግሎቱን ቀጥሎ ነበር። ስለዚህ ከሁለት ዓመት በላይ አሮጌውና አዲሱ አብረው አገለገሉ ማለት ነው።

አበው «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ያሉት ይህንን ነው። ነገር ግን በሰማይ ሁለት ባላ ተተከለ ማለት በምድርም ሁለት ባላ ተተከለ ማለት አይደለም። አዲሱ ሣጥን በተከፈተበት ቀን አሮጌውን ነቅሎ ወደ ዕቃ ቤት የሚያስገባ መሥሪያ ቤት ቢኖር፤ ሰማዩ የሰጠውን የሁለት ዓመት ዕድል በአንድ ቀን ጣለው ማለት ነው። የጣቢያ ርክክብ ሰነድ የሚመዘግበው የተተከለውን ዕቃና የሠለጠነውን ሰው ቁጥር ነው። አሮጌውና አዲሱ ለአንድ ቦታ፤ በአንድ ቀን፤ በአንድ ሰዓት ምን ያህል ተለያዩ የሚለው ግን የርክክቡ ክፍል ሆኖ ሊጠየቅ ይገባል። ትችታችን የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

፫. የአሶሳ ቦታና የሳተላይቱ ቦታ

አሶሳ በ10 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስና በ34 ዲግሪ ተኩል ምሥራቅ ኬንትሮስ ገደማ የምትገኝ ከተማ ናት። ሜቴዎሳት 12 የቆመው ግን በዜሮ ዲግሪ፤ በጊኒ ባሕረ ሰላጤ ላይ ነው። ከአሶሳ ለሚመለከተው ሰው በምዕራብ በኩል ከአድማስ 48 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል። ስለዚህ ሳተላይቱም አሶሳን የሚያያት ከአናቷ ሳይሆን ከጐኗ ነው።

ከዚህ ሌላ ለኢትዮጵያ የቀረበ ዐይን አለ። ዩሜትሳት እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ አንድ የቆየ ሜቴዎሳት ወደ ምሥራቅ ወስዶ የሕንድ ውቅያኖስን እንዲጠብቅ ያደርጋል። ይህን ሥራ ከ2017 ጀምሮ ሜቴዎሳት 8 በ41 ዲግሪ ተኩል ላይ ሆኖ ሲሠራ ቆይቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ሜቴዎሳት 9 በ45 ዲግሪ ተኩል ላይ ሆኖ ተክቶታል። ይህኛው ከአሶሳ ሲታይ ከአድማስ በላይ 72 ዲግሪ ያህል ነው፤ ማለት ከአናት ብዙም አይርቅም። ነገር ግን የሁለተኛው ትውልድ ነውና ሥዕሉ በየ15 ደቂቃው ነው፤ መስኮቱም 12 ነው።

እንግዲህ የትኛው ይሻላል? በችኰላ የሚመልስ ሰው አዲሱ ይሻላል ይላል። እኛ ግን ስሌት ሠርተን ልናሳይ እንወዳለን። ከግድግዳ ፊት ለፊት ራቅ ብሎ የተተከለን ረጅም ምሰሶ ከግራ በኩል ቆሞ ለሚያየው ሰው የምሰሶው ጫፍ ወደ ቀኝ ተገፍቶ ግድግዳው ላይ ያረፈ ይመስለዋል። ደመናም እንዲሁ ነው። ጫፉ ከመሬት 14 ኪሎ ሜትር ከፍ ያለ የነጐድጓድ ደመና በአሶሳ አናት ላይ ቢቆም፤ ከዜሮ ዲግሪ የሚመለከተው ሳተላይት 12 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ አሽሽቶ ያሳየዋል። ከ45 ዲግሪ ተኩል የሚመለከተው ግን 4 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ፤ ያውም ወደ ሰሜን ምዕራብ፤ ያሸሸዋል።

ይህ ተራ የመልክዓ ምድር ጨዋታ አይደለም። በክረምት የምዕራብ ኢትዮጵያ ነጐድጓድ ብዙውን ጊዜ ከቀትር በኋላ በደጋው ላይ ይወለድና ወደ ምዕራብ፤ ወደ ሱዳን ሜዳ ይጓዛል። አሶሳ ያለችው በዚህ መንገድ ላይ ነው። ደመናው በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ይጓዛል ብንል 12 ኪሎ ሜትር ማለት 18 ደቂቃ ነው። ስለዚህ በዜሮ ዲግሪው ሥዕል ላይ ደመናው «ገና በምሥራቅ ነው፤ አልደረሰም» ሲባል በእውነቱ ከከተማው ላይ ደርሷል። የምሥራቁ ሳተላይት ሥዕል ደግሞ በተቃራኒው ደመናውን ጥቂት አስቀድሞ ያደርሰዋል። ለማስጠንቀቂያ ከሆነ ከሚዘገይ ስሕተት የሚቀድም ስሕተት ይመረጣል። ሥዕሉ ከ15 ወደ 10 ደቂቃ በማጠሩ 5 ደቂቃ አተረፍን ስንል፤ በቦታ መዛባት ምክንያት 18 ደቂቃ ልንከስር እንችላለን ማለት ነው።

ፍርዳችን ሚዛናዊ እንዲሆን ሌላውንም ወገን እንናገር። አዲሱ ሳተላይት ከጐን እያየም ቢሆን ከአሮጌው ይልቅ ረቂቅ ነገር ይለያል። ከሳተላይቱ ሥር 2 ኪሎ ሜትር የሆነው የሙቀት መስኮቱ ነጥብ በአሶሳ ላይ ሲዘረጋ 3 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ የምሥራቁ ሳተላይት ነጥብ ግን በአሶሳ ላይ ከ3 ኪሎ ሜትር ጥቂት ይበልጣል። ከዚህም ሌላ የደመናው ከፍታ ከታወቀ የቦታውን መዛባት በስሌት ማቅናት ይቻላል። ይሁን እንጂ ስሌቱ በራሱ አይሠራም። በፕሮግራሙ ውስጥ መግባት አለበት፤ ሥዕሉን የሚያነበውም ሰው መግባቱንና አለመግባቱን ማወቅ አለበት። ወደ ዳካር ለሚሰጠው ሥልጠናና ወደ አሶሳ ለሚሰጠው ሥልጠና ልዩነት ከሌለ፤ የአሶሳው ሰው የተማረው ለሌላ አገር ነው።

ለአሶሳ ይህ ጉዳይ ይበልጥ የሚከብድበት ምክንያት አለ። ከጣና ሐይቅ በስተ ምዕራብ በሻውራ የተተከለው የዝናብ ራዳር ከአሶሳ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ በዚህ ርቀት የራዳር ጨረር ከምድር ክብነት የተነሣ ከዝቅተኛው ደመና በላይ ያልፋል። ስለዚህ ለሌላው አገር ሳተላይት የራዳር ረዳት ሲሆን፤ ለአሶሳ ግን ከሩቅ የሚመጣውን ዝናብ የምታይበት ዋና ዐይን ነው።

የምሥራቁ ሳተላይት ዕድሜም ሊያሳስበን ይገባል። ያረጀ ሳተላይት ነዳጁ ያልቃል። በሕንድ ውቅያኖስ ላይ ሕንድ፤ ቻይናና ሩሲያም የአየር ጠባይ ሳተላይቶች አሏቸው፤ ነገር ግን የሚቆሙት ከ70 ዲግሪ ምሥራቅ ወዲያ ስለ ሆነ ለአሶሳ ከዜሮ ዲግሪው የተሻለ እይታ አይሰጡም፤ ጐኑ ብቻ ይለወጣል። ኢትዮጵያና ጐረቤቶቿ በ40ዎቹ ዲግሪ ላይ ያለው እይታ እንዳይቋረጥ ድምፃቸውን አስተባብረው ማሰማት ያለባቸው ዛሬ ነው እንጂ ሳተላይቱ ከጠፋ በኋላ አይደለም።

፬. የማይታየው ጉዳት፤ የመዝገብ መቋረጥ

እስካሁን የተናገርነው ስለ ዕለቱ ሥዕል ነው። ከዕለቱ ሥዕል ይልቅ ግን መዝገቡ ይበልጣል። «ዘንድሮ ዝናቡ ከመደበኛው በታች ነው» የሚል ሰው መደበኛውን የሚያውቀው ካለፉት ዓመታት መዝገብ ነው።

በእንግሊዝ አገር በሬዲንግ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1977 የተመሠረተው ታምሳት የተባለው የጥናት ክፍል የአፍሪካን ዝናብ ከሜቴዎሳት ሥዕል ይገምታል፤ መዝገቡም ከ1983 ጀምሮ ያለ ነው። ዘዴው በመሠረቱ ቀላል ነው። የደመናው ጫፍ ከአንድ የቅዝቃዜ ልክ በታች፤ ለምሳሌ ከዜሮ በታች 40 ወይም 50 ዲግሪ፤ ሆኖ የቆየበት ሰዓት ይቈጠራል፤ ይህም ሰዓት በምድር ከተለካው ዝናብ ጋር ተነጻጽሮ ወደ ሚሊ ሜትር ይለወጣል። ዛሬ የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚባለው፤ በ1973 ዓ.ም. በዐዋጅ የተቋቋመው መሥሪያ ቤት፤ ከአሜሪካው ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የአየር ንብረት ጥናት ተቋም ጋር ሆኖ የጣቢያዎችን ልክና የሳተላይቱን ግምት አዋሕዶ ኢናክትስ የተባለውን መዝገብ አዘጋጅቷል። መለኪያ በሌለበት ቀበሌ የዝናቡ ታሪክ የሚታወቀው በዚህ ዓይነት ዘዴ ነው።

አሁን ልብ ማለት የሚያስፈልገው ይህ ነው። የሁለተኛው ትውልድ ሳተላይት የደመናን ሙቀት በዋነኛነት የሚያነብበት መስኮት መካከሉ በ10.8 ማይክሮ ሜትር ላይ ነው፤ የሦስተኛው ትውልድ ግን በ10.5 ላይ ነው። የነጥቡም ስፋት ተለውጧል። አንድ ደመና በሁለቱ ሲለካ ፍጹም አንድ ዓይነት ቁጥር አይሰጥም። ልዩነቱ ጥቂት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ዘዴው ድንበር ቈጣሪ ነው፤ ከድንበሩ ወዲህ ወይም ወዲያ መሆን ዝናብ አለ ወይም የለም ያሰኛል። ሁለቱ አብረው ሠርተው ልዩነቱ ካልተለካ፤ በመሣሪያ ለውጥ የመጣው ነገር በአየር ንብረት ለውጥ የመጣ ይመስላል። ከ20 ዓመት በኋላ አንድ ተማሪ «በአሶሳ ዝናብ በእነዚያ ዓመታት ቀነሰ» ብሎ ቢጽፍ፤ የቀነሰው ዝናቡ ይሁን የመሣሪያው ድንበር በምን ያውቃል?

ለዚህ ክልል የመዝገብ ነገር የወረቀት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ከጐዳቸው የወሎና የሌሎች ቦታዎች ብዙ ሰዎች በሠፈራ ወደ አሶሳና ወደ ፓዊ ተወስደዋል። ዝናብ ከራቀበት አገር ዝናብ አለ ወደ ተባለበት አገር የመጡ ሰዎችና ልጆቻቸው ከነባሩ የበርታና የጉሙዝ ሕዝብ ጋር ዛሬ በአንድ ሰማይ ሥር ያርሳሉ። ያ ዝናብ ይለወጥ አይለወጥ ማወቅ መብታቸው ነው። በጉባ የተሠራው የኢትዮጵያ ታላቁ የሕዳሴ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ የሚይዘው ይህ ሐይቅ ከሚሞላባቸው ወንዞች ዳቡስና ዴዴሳ ይገኙበታል። በእነዚህ ተፋሰሶች የሚዘንበውን የሚያሳይ መዝገብ ቢዛባ መዘዙ ከእርሻ አልፎ ወደ መብራትና ወደ ጐረቤት አገር ይሄዳል።

፭. ዳኛው ማን ነው

አሮጌውና አዲሱ ቢለያዩ የሚፈርድ ሦስተኛ ያስፈልጋል፤ እርሱም የዝናብ መለኪያው ነው። ሳተላይት ደመናን ያያል እንጂ ዝናብን አያይም። በተራራ ተገፍቶ ከሚነሣ ዝቅተኛ ደመና የሚወርድ ዝናብ ጫፉ ብዙ ሳይቀዘቅዝ ይዘንባል፤ በቅዝቃዜ የሚቈጥረው ዘዴም ያልፈዋል። በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ይህን ጉድለት ደጋግመው አሳይተዋል። በሌላ በኩል ሰፊና ቀዝቃዛ ሆኖ ዝናብ የማይጥል የነጐድጓድ ደመና ጣሪያ ያለ ዝናብ ዝናብ ተብሎ ይቈጠራል።

ስለዚህ በየጧቱ በ3 ሰዓት ወደ ቆርቆሮው መለኪያ ሄዶ ውኃውን በመስፈሪያ ቀድቶ ቁጥሩን የሚጽፍ ሰው ከሳተላይቱ ያነሰ ሳይሆን በሳተላይቱ ላይ የሚፈርድ ነው። ጣቢያ ሲመረቅ ጥብጣብ ይቈረጣል፤ ይህ ሰው መዝገቡን ሲከፍት ግን ጥብጣብ የሚቈርጥ የለም። በለውጡ ወራት ከሁሉ በፊት ሊጠበቅና ሊበረታ የሚገባው እርሱ ነው። የአንድ ዓመት የተቋረጠ የመለኪያ መዝገብ በምንም ገንዘብ ተመልሶ አይገዛም፤ ያ ዓመት ዘንቦ አልፏልና።

፮. «ኢንተርኔት እያለ ዲሽ ምን ያደርጋል?»

ለዚህ ትችት የሚሰጠውን ዋና መልስ እናውቀዋለን። ዛሬ ሥዕሉ ሁሉ በኢንተርኔት ይገኛል፤ መቀበያ ጣቢያ ያለፈው ዘመን ዕቃ ነው የሚሉ አሉ። መስመሩ ባማረበት አገር ይህ እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በኢትዮጵያ ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት በመላው አገር ተዘግቶ ለሳምንታት ቆይቷል። ወሩን ልብ ይሏል፤ ክረምት በገባበት ወር ነው። ዲሽ ግን የሚቀበለው ከሰማይ ስለ ሆነ መስመር በመቈረጡ አይዘጋም። አስተማማኝ የኤሌክትሪክ ኃይል ካለው መስመሩ ተቈርጦም ይሠራል። የሥርጭት ትልቁ ጥቅም ይህ ነው፤ አንዱ ሲቀበል የሌላው አይቀነስም፤ ተቀባይም በበዛ ቁጥር መንገዱ አይጠብም።

ሌላም በር በቅርቡ ተዘግቷል። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 21 ቀን 1963 በመጠቀው ቲሮስ 8 የተጀመረው ቀላል የሥዕል ሥርጭት፤ በ137 ሜጋ ኸርዝ ላይ በተራ አንቴናና በርካሽ ራዲዮ ሊቀበሉት የሚቻል ነበር። ከስድሳ ዓመት በላይ ብዙ ተማሪዎች የሳተላይት ትምህርት የጀመሩት በእርሱ ነው። በመጨረሻ ይህን ያሠራጩ የነበሩት የአሜሪካ ኖኣ 18፤ 19 እና 15 ሳተላይቶች እ.ኤ.አ. በ2025 ከጁን እስከ ኦገስት ባለው ጊዜ ተራ በተራ ሥራቸውን አቁመዋል። የሩሲያ ሜቴዎር ሳተላይቶች በዚያው ሞገድ አካባቢ በዲጂታል መንገድ ያሠራጫሉና በሩ ፈጽሞ አልተዘጋም። ቢሆንም ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው፤ ሥርጭቱን የሚጀምረውም የሚያቆመውም ሌላ ነው። ተቀባይ የሆነ አገር ነፃነቱን የሚያገኘው ሳተላይት በማምጠቅ ብቻ ሳይሆን ሁለትና ሦስት መንገድ ይዞ በመቆየትም ነው።

፯. ተቃውሞዎችና መልሳችን

ሁለት ተቃውሞዎች ይቀራሉ። አንደኛው የወጪ ነው፤ ሁለት መሣሪያ አብሮ ማሠራት ሁለት ኃይልና ሁለት ሠራተኛ ይጠይቃል ይባላል። እኛ ግን አሮጌው ለዘላለም ይቆይ አላልንም፤ አንድ የዝናብ ወራት ይቆይ አልን። በአሶሳ የዝናቡ ወራት ከግንቦት እስከ ጥቅምት ገደማ ነው። የአምስትና የስድስት ወር የኤሌክትሪክ ሒሳብ ከአርባ ዓመት መዝገብ ጋር ሲመዘን ምን ያህል ነው? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ የፈሰሰ መዝገብ ግን አይለቀምም።

ሁለተኛው ተቃውሞ፤ ጣቢያው በአዲስ አበባ መኖሩ ይበቃል፤ አሶሳ ውጤቱን ትቀበል የሚል ነው። በየከተማው ትልቅ ጣቢያ ይተከል ማለት በእርግጥ ከአቅም በላይ ነው፤ እኛም አንለውም። ነገር ግን በአሶሳ ያለው የሚቲዎሮሎጂ አገልግሎት ማዕከል የተዘጋጀ ትንበያ ብቻ ሳይሆን ሥዕሉንም ቢያገኝ፤ ስሕተቱ ወደ የትኛው ጐን እንደሚያጋድል የሚያውቅ ሰውም ቢኖረው፤ በመስኮት ወጥቶ የሚያየውን ደመና ከሥዕሉ ጋር ማስተያየት ይችላል። ይህን ከአዲስ አበባ ሆኖ የሚያደርግለት የለም።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ በተባለው መሠረት አራት ነገሮች እንዲታሰቡ እናሳስባለን። አንደኛ፤ አሮጌው መቀበያ አዲሱ ከተተከለ በኋላ አንድ ሙሉ የዝናብ ወራት ሳያልፍ አይነቀል፤ የሁለቱም ውጤት በአንድነት ይቀመጥ። ሁለተኛ፤ ለምዕራብ ኢትዮጵያ የሚውለው ሥዕል የቦታው መዛባት የተስተካከለ መሆኑና አለመሆኑ በራሱ በሥዕሉ ላይ ይጻፍ፤ የምሥራቁ ሳተላይት እስካለ ድረስም ሁለቱ እየተነጻጸሩ ይነበቡ። ሦስተኛ፤ በለውጡ ዘመን የዝናብ መለኪያዎች ንባብ ከዲሹ እኩል ይጠበቅ። አራተኛ፤ ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ማስጠንቀቂያ ለሰሚው በሚገባው ቋንቋ፤ በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በበርታ፤ በጉሙዝ፤ በሽናሻ፤ በማኦና በኮሞም ይነገር። በየ10 ደቂቃው የሚደርስ ሥዕል በማይሰማ ቋንቋ ከተነገረ እንዳልደረሰ ይቈጠራል።

ለመምህራኖቻችንና ለጓደኞቻችን የምናቀርበው ሐሳብ ደግሞ ከዚህ የቀለለ ነው። አሮጌውና አዲሱ ሁለቱም በሰማይ ባሉበት በዚህ አጭር ጊዜ የአንድ ክረምት ሥዕሎችን ለአሶሳ፤ ለባምባሲና ለጉባ ብቻ አንሥቶ፤ በየዕለቱ ከጧቱ የመለኪያ ቁጥር ጋር ማነጻጸር የአንድ ተማሪ የመመረቂያ ጥናት ሊሆን ይችላል። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ትዕግሥት ይጠይቃል። ጊዜው ካለፈ ግን ይህን ጥናት በምንም ብልሃት ሊሠሩት አይቻልም፤ የሚነጻጸረው አንደኛው ወገን ከሰማይ ጠፍቶ ይገኛልና።